ተራችሁን ለምትጠብቁ

ልጆቼ፣ ሥራ ከጀመራችሁ ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላችሁ «የእኔ ተራ መቼ ነው?» ትሉኛላችሁ። ዕድሜዬን መዶሻ ይዤ ተራራ ስወጣ ስወርድ የኖርኩ ጂኦሎጂስት ነኝ። ይህን ጥያቄ ስሰማ ትዝ የሚለኝ የአንድ ሙያ አጋሬ ሕይወት ነው። ሃሪሰን ሽሚት ይባላል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

በ1935 በአሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ውስጥ ተወለደ። አባቱም የማዕድን ጂኦሎጂስት ነበሩ። በ1964 ከሐርቫርድ በጂኦሎጂ ዶክትሬቱን ያዘ። በዓመቱ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይንቲስቶችን ለጠፈርተኝነት ሲመርጥ ከስድስቱ አንዱ ሆነ። አውሮፕላን ማብረር ግን አያውቅም። ስለዚህ ዶክተሩ እንደገና ተማሪ ሆኖ ከአንድ ዓመት በላይ የጄት በረራ ሠለጠነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው እኔን የሚገርመኝ። ሰው ወደ ጨረቃ ከሚወስዱት የአፖሎ ጉዞዎች አፖሎ 11 ሄደ። 12 ሄደ። 14፣ 15፣ 16 ሄዱ። እሱ ምድር ላይ ነው። ሆኖም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ለሚሄዱት ድንጋይ ያስተምር ነበር። አብዛኞቹ የጦር አውሮፕላን አብራሪዎች ናቸው። ድንጋይ አይቶ ታሪኩን ማንበብ ለእነሱ አዲስ ነገር ነው። ሽሚት በካሊፎርኒያው ዩኒቨርሲቲ በካልቴክ ያስተማሩትን ጂኦሎጂስት ሊ ሲልቨርን ሳይቀር ለዚህ ሥራ አመጣቸው። ሌሎቹ ከጨረቃ ባመጡት ናሙና ውስጥ የእሱም ድካም አለ። እስቲ አስቡት፤ እናንተ ልትሄዱበት ለምትጓጉለት ቦታ ሌላውን አዘጋጅቶ መሸኘት!

በ1970 አፖሎ 18 ተሰረዘ። እሱ ይሄድበታል ተብሎ የሚጠበቀው ጉዞ ያ ነበር። ሳይንቲስቶቹ «ቢያንስ አንድ ጂኦሎጂስት ጨረቃን ይርገጥ» ብለው ወተወቱ። በመጨረሻ ጆ ኤንግል የሚባል አብራሪ ከአፖሎ 17 ወጣና ሽሚት ገባ። ስለ ኤንግል ሳስብ ሁሌም ልቤን ይነካኛል። ያ ሰው ግን ሥራውን አልተወም፤ በ1981 የጠፈር መንኮራኩሯን ኮሎምቢያን አዝዞ በረረ። ወንበር ስታገኙ ከዚያ ወንበር የተነሳውን ሰው አትርሱ።

ታኅሣሥ 1972 ሽሚትና የጉዞው አዛዥ ዩጂን ሰርናን ጨረቃ ላይ አረፉ። በሁለተኛው ቀን ሾርቲ በሚባል ጉድጓድ አፋፍ ላይ ሽሚት በግራጫው አፈር መሀል ብርቱካናማ ነገር አየ። አላመነም። የራስ ቁሩን የፀሐይ መከላከያ ገለጠና እንደገና አየ። አሁንም ብርቱካናማ ነው። ጊዜ ጠቧቸዋል፤ ቢሆንም ቆፈሩ፣ ናሙና ዘገኑ። መጀመሪያ በእሳተ ገሞራ ጋዝ የዛገ አፈር መስሎት ነበር። ምድር ላይ ሲመረመር ከ3.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደ ፏፏቴ ወደ ላይ ከተረጨ ቅልጥ አለት የተሠሩ ደቃቅ የመስታወት ጠብታዎች ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያ ግምቱ ተሳስቷል። ዓይኑ ግን አልተሳሳተም። ያን ዓይን ያገኘው ጨረቃ ላይ አይደለም፤ በእነዚያ የማስተማር ዓመታት ነው።

ፖለቲካውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1976 በሥልጣን ላይ የነበረውን ሰው አሸንፎ የኒው ሜክሲኮ ሴኔተር ሆነ። በሴኔቱም የሳይንስና የጠፈር ንዑስ ኮሚቴን መራ። በ1982 ተሸነፈ። ተፎካካሪው «ሰሞኑን ምድር ላይ ምን ሠራላችሁ?» እያለ ነበር የቀሰቀሰበት። ጥያቄው ተገቢ ይመስለኛል። መራጭ የሚመዝነው ትናንት ጨረቃ ላይ የተሠራውን አይደለም። በአየር ንብረት ለውጥም ሽሚት ከአብዛኛው ሳይንቲስት ጋር አይስማማም፤ እኔም በዚህ ከእሱ ጋር አይደለሁም። ሰው ስታከብሩ ሐሳቡን ሁሉ አብራችሁ አትዋጡ።

ወደ ጨረቃው ጉዞ ልመለስ። ሽሚትና ሰርናን ያኔ ከተራራ ተንሸራትቶ የወረደ አፈር ውስጥ የናሙና መውሰጃ ቱቦ በመዶሻ መትተው አስገብተው ነበር። የታችኛው ክፍል እዚያው ጨረቃ ላይ አየር እንዳይገባው ታሸገ። ናሳ የተሻለ መሣሪያ እስኪመጣ ብሎ ሳይነካው አስቀመጠው። በመጋቢት 2022 ተከፈተ፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ከሚመረምሩት ብዙዎቹ ቱቦው ሲታሸግ ገና አልተወለዱም ነበር።