የማህበር ቤት ፈቃድ ባሕር ዳር ላይ የሚዘገየው የት ነው?

እህታችን፣ «የቤት ማህበራችን ቦታ ተመርቶለታል፣ ለግንባታው ባንክ የምናስቀምጠው ዝግ ሂሳባችንም ሞልቷል፣ የግንባታ ፈቃዱ ግን ወራት አለፉት። ጉዳይ አስፈጻሚ እንቅጠር ወይስ እንጠብቅ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር የአንድ ማህበር ጸሐፊ ነኝ። ፋይል ተሸክሜ ስዞር ጫማ ጨርሻለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ሰው «ፈቃድ ዘገየ» ሲል መስኮቱ ጋ የተቀመጠውን ባለሙያ ነው የሚረግመው። ባለሙያው «መስክ ወጥቷል»፣ «ስብሰባ ላይ ነው» መባሉ አይካድም። ግን ዲዛይኑ ተሟልቶ ከገባ በኋላ ያለው ምርመራ እንደሚወራው ረጅም አይደለም። ጊዜውን የሚበላው ከዚያ በፊት ያለው ነው።

ከመሬቱ ልጀምር። ከተማችን በዘንዘልማም በመሸንቲም በኩል የምትሰፋው በአርሶ አደር ማሳ ላይ ነው። የእኛም ቦታ «ነፃ ነው» ተብሎ ነው የተመራልን። ከቀያሹ ጋር ስንወጣ ዳጉሳ ቆሞበታል። ባለማሳው ዱላቸውን ተደግፈው «ካሳዬ አላለቀም፤ ችካል የሚባል ነገር አይተከልም» አሉን። እውነታቸውን ነው። በ2011 የወጣው የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ 1161 ካሳ አስቀድሞ ይከፈል ነው የሚለው። ቀያሹም ሜትሩን ጠቅልሎ ተመለሰ። ችካል ካልተተከለ ሳይት ፕላን፣ ማለትም የቦታው ወሰን የሚታይበት ካርታ፣ የለም። ሳይት ፕላን ከሌለ የፕላን ስምምነት፣ ማለትም ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል ከተማው የሚሰጠው ማረጋገጫ፣ የለም። የፕላን ስምምነት ሳይኖር ዲዛይን ማሠራት ደግሞ ብር መበተን ነው። ስለዚህ ቦታውን ለአባላት በዕጣ ከማከፋፈላችሁ በፊት ቦታውን በእግራችሁ ረግጣችሁ እዩት። የአካባቢውን ሰው አናግሩ። ካሳው ተከፍሎ ማለቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ግልባጩ ፋይላችሁ ውስጥ ይግባ።

ቀጥሎ የአባላት ስም ዝርዝር። ቀላል ይመስላል አይደል? መታወቂያው ላይ «ኃይለማርያም»፣ ባንኩ ጋ «ሀ/ማርያም»፣ የማህበሩ መዝገብ ላይ «ኃይለ ማርያም»። በአንድ ሰው ስም የሁሉም ፋይል ይቆማል። አባል ሲለቅና ሌላ ሲተካም እንደዚያው ነው፤ የለቀቀው ሰው ሂሳብ ተዘግቶ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ የህብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቱ ማህተም ካላረፈበት አትንኩት። ሁሉንም ስም በመታወቂያው አስተካክላችሁ አንዴ ጻፉና ሌላውን ወረቀት ሁሉ ከእሱ ገልብጡ።

አሁን ዋናው ምክሬ። ሁላችሁም አንድ ዓይነት ቤት ሥሩ። 24 አባል 24 የተለያየ ፕላን ሲያስገባ መርማሪው 24 ጊዜ አርክቴክቸራል (የቤቱን ቅርጽና ክፍሎች)፣ 24 ጊዜ ስትራክቸራል (የመሠረትና የተሸካሚ አካል ንድፍ) ያያል። አንዱ ሳሎኑን ሲያሰፋ፣ ሌላዋ ደረጃውን ስታዞር ክረምት ይገባል። አንድ ዲዛይን ከሆነ ግን አንዴ ይታረማል፤ ለየቦታው የሚቀረው ሳይት ፕላኑ ነው። አባላት መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፤ ሁሉም የራሱን ቤት ነው ያለመው። የውስጥ ግድግዳ አጨራረስ፣ ቀለም፣ ሴራሚክ ለየራሳቸው ተዉላቸው። ከተማው ራሱ ለማህበር ቤት አስቀድሞ የጸደቀ ዲዛይን አዘጋጅቶ «ከነዚህ ምረጡ» ቢል የአገልግሎት መስኮት ከመጨመር ይበልጥ ነበር ባይ ነኝ። ሁሉን አገልግሎት አንድ አዳራሽ ማስገባት፣ አዲስ አበባ በ2017 እንደተከፈተው መሶብ፣ ጥሩ ነው፤ መመላለስን ይቀንሳል። ያልተከፈለ ካሳን ግን አይከፍልም።

የቤቱን ዓይነት ስትመርጡም አስቡበት። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃን በሦስት ምድብ ከፍሏል። ፎቅ የሌለውና በሁለት ተሸካሚ መዋቅሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጠው ቤት በዚያ አከፋፈል ምድብ «ሀ» ነው። ጂ ፕላስ ዋን (ባለ አንድ ፎቅ) ስትሉ ወደ «ለ» ትገባላችሁ፤ የሚጠየቀው ወረቀትም ይበዛል። አቅማችሁ ከሳሳ ፎቅ በሌለው ቤት ጀምሩ።

የአፈር ምርመራን ቸል አትበሉ። የባሕር ዳር አፈር ብዙ ቦታ መረሬ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ስትራክቸራሉ ከአፈሩ ጋር ካልገጠመ ተመላሽ ይሆናል፣ ሳይታይ ካለፈ ደግሞ ግድግዳችሁ ይናገራል።

ጉዳይ አስፈጻሚውን በተመለከተ፣ ውክልና ይዞ ወረቀት የሚያመላልስ ሰው ችግር የለውም፤ ሥራ ያላቸው አባላት በየቀኑ ፈቃድ እየጠየቁ አይዘልቁትም። «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚለውን ግን ሸሹት። እኛንም አንዱ ቀርቦን ነበር፤ የሚያፈጥነው ነገር አልነበረውም፣ የጎደለን ወረቀት እንደሆነ ጎድሏል። ይልቅ ያስገባችሁትን ሁሉ መዝገብ ቤት ቁጥር አሰጡበት፣ ቀኑን ጻፉ። ፋይሉ ሲመለስ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በቃል «አስተካክሉ» ከተባላችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ነገር ይመጣል። የሕንፃ አዋጅ 624 የይግባኝ ሰሚ ቦርድም አስቀምጧል፤ በጽሑፍ የተሰጠ ምክንያት ከያዛችሁ እዚያ የምታቀርቡት ነገር አላችሁ ማለት ነው።

ፈቃዱ እስከ መጋቢት ከወጣላችሁ መሠረቱን ከክረምት በፊት ታወጣላችሁ። ሰኔ ላይ ከሆነ ግን አትቆፍሩ። ጉድጓዱ ውሃ ይሞላና ለፓምፕ የምትከፍሉት ገንዘብ ሲሚንቶ ይገዛ ነበር። ጥቅምት እስኪገባ የኤሌክትሪክና የውሃ ማመልከቻችሁን አስገቡ፤ እሱም የራሱ ሰልፍ አለው።