ስለ ጊሌስፒ፣ ኪድ ኤንድ ኮያ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ይኸው መልሱ

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ውስጥ አርክቴክቸር መማር ከጀመርኩ ጊዜ አንስቶ ጊሌስፒ፣ ኪድ ኤንድ ኮያ የሚባለው የዚሁ ከተማ የአርክቴክቶች ቢሮ ነገር ከጭንቅላቴ አይወጣም፣ ሕንጻዎቹንም በእግሬም በባቡርም እየዞርኩ አይቻለሁ። ጥያቄው በዝቶብኛል ግን እንሞክር። ዓመተ ምህረቱ በሙሉ በፈረንጅ ነው፣ እንዳትደናገሩ።

ጥያቄ፦ ሦስቱ አብረው ነው የሰሩት? ማን ነው ዋናው?

ስሙ ነው ሰው የሚያሳስተው። የቢሮው ሥር ጄምስ ሳልመን የሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን አርክቴክት ነው፣ ከዛ የልጅ ልጁ (እሱም ጄምስ ሳልመን ነው ስሙ) ከጆን ጋፍ ጊሌስፒ ጋር ይሰራ ነበር። ግላስጎው መሀል ሴንት ቪንሰንት ስትሪት ላይ "ኮፍያ መስቀያው" የሚሉትን ቀጭን ረጅም ሕንጻ፣ ሆፕ ስትሪት ላይ ደግሞ በ1907 ያለቀውን ላየን ቻምበርስን የሰሩት እነሱ ናቸው። ላየን ቻምበርስ ስምንት ፎቅ ሆኖ የኮንክሪት ግድግዳው ውፍረት አስር ሴንቲ ገደማ ነው፣ አስቡት በዛን ዘመን! ዛሬ ዓመታት ሙሉ ባዶውን በመረብ ተሸፍኖ ነው የቆመው፣ ባለፍኩ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል።

ጃክ ኮያ በ1915 ጊሌስፒ ጋ ሥራ ለመማር ገባ። ጊሌስፒ በ1926 ሞተ፣ በ1927 ኮያ ከዊልያም ኪድ ጋር ሸሪክ ሆነ፣ ኪድም ብዙ ሳይቆይ አለፈ። እና ሰዉ የሚያደንቃቸው ሕንጻዎች ሲሰሩ ከሦስቱ ስም በሕይወት የነበረው አንዱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ኮያ ጣልያን ነው አይደል?

ቤተሰቦቹ ጣልያን ናቸው፣ እሱ በ1898 እንግሊዝ አገር ዎልቨርሃምፕተን ተወልዶ ግላስጎው ነው ያደገው። ካቶሊክ መሆኑ ነው እንጀራ የሆነለት። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኢኮኖሚው ሞቶ ሥራ ጠፍቶ እያለ የግላስጎውን ካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ ሄዶ ሥራ ጠየቀ፣ ከዛ ቤተክርስቲያን በቤተክርስቲያን ሆነ። ዴኒስተን የሚባል የግላስጎው ሰፈር ያለው ሴንት አንስ ቤተክርስቲያን በ1933 አለቀ፣ ቀይ ጡብ ነው፣ በድንጋይ ከተማ ውስጥ ጡብ።

ጥያቄ፦ ስኮትላንድ ፕሮቴስታንት አይደለችም እንዴ? ይሄን ሁሉ የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ማን ሞላው?

አየርላንዶች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በረሃብና በሥራ ፍለጋ ወደ ግላስጎው አካባቢ የጎረፉት ልጅ የልጅ ልጅ አፍርተው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ መንግሥት ከተጨናነቁ ሰፈሮች ሰዉን እያወጣ እንደ ኢስት ኪልብራይድና ከምበርኖልድ ያሉ አዲስ ከተሞች ሠራ፣ ግሌንሮዝስን ደግሞ መጀመሪያ ለከሰል ማዕድን ሠራተኞች። ቤቱ አለ ደብሩ የለም ማለት ነው፣ ስለዚ ሀገረ ስብከቱ ቶሎ ቶሎ ያሠራ ነበር። ትዕዛዙም በአብዛኛው ኮያ ቢሮ ይመጣል።

ጥያቄ፦ አይሲ ሜትስስታይን የሚባል ሰው ስም ደጋግሜ ሰምቻለሁ፣ እሱስ?

እህቴ ጥሩ ጠየቅሽ፣ ለኔ የታሪኩ ልብ እዚ ጋ ነው። ሜትስስታይን በ1928 በርሊን የተወለደ አይሁድ ነው፣ በ1939 ናዚዎችን ሸሽተው ብቻቸውን ወደ ብሪታንያ ከተላኩት ልጆች አንዱ። በ1945 ኮያ ጋ ተቀጠረ፣ ማታ ማታ ግላስጎው አርት ስኩል ይማራል፣ እዛ ነው አንዲ ማክሚላን የሚባል የግላስጎው ሜሪሂል ልጅ ጋር የተዋወቁት። ማክሚላን በ1954 ቢሮው ገባ፣ ከዛ በኋላ ዲዛይኑ የነሱ የሁለቱ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ግሌንሮዝስ ያለው ሴንት ፖልስ ነው፣ 1957፣ ነጭ፣ ትንሽ፣ ከመሠዊያው በላይ ብርሃን የሚያወርድ ማማ አለው። የመሠዊያውን መስቀል የሠራው ቤኖ ሾትዝ ደግሞ ከኢስቶኒያ የመጣ አይሁድ ቀራፂ ነው። እንግዲህ ቁጠሩት፣ አለቃው የጣልያን ዘር፣ ዲዛይነሩና ቀራፂው አይሁድ፣ አገሩ ፕሮቴስታንት፣ የሚሠራው የካቶሊክ ቤተክርስቲያን።

በ1969 የብሪታንያ አርክቴክቶች ሮያል ጎልድ ሜዳል የተሰጠው ግን ለኮያ ነው። በኔ አስተያየት ልክ አይደለም፣ ሆኖም ሁለት በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆችን አምኖ የለቀቀ አለቃም ቀላል አይደለም፣ ስንቶቻችን ነን እንዲህ ዓይነት አለቃ ያገኘነው።

ጥያቄ፦ ያ ጫካ ውስጥ ያለው ፍርስራሽ ምንድነው? ፎቶውን አይቼ ቦምብ የመታው መስሎኝ ነበር

ሴንት ፒተርስ ሴሚናሪ ነው፣ ካርድሮስ፣ ከግላስጎው ወደ ምዕራብ። የካህናት ማሠልጠኛ። ሀገረ ስብከቱ የድሮው ሴሚናሪ በ1946 ስለተቃጠለበት ኪልማሁ ሃውስ የሚባል የሀብታም ቤት ግቢ ውስጥ ኮያ ቢሮ አዲስ እንዲሠራለት አዘዘ። ግንባታው በ1961 ተጀምሮ በ1966 አለቀ። ዋናው ሕንጻ ከታች ጸሎት ቤትና ምግብ አዳራሽ ነው፣ ከላይ ያሉት የተማሪ ክፍሎች ፎቅ በፎቅ እንደ ደረጃ ተደርድረዋል። የመማሪያው ብሎክ ደግሞ ከሥሩ ምሰሶ ሳይኖረው ወደ ጫካው ዘልቆ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ለመቶ ያህል ተማሪ ታስቦ ነው የተሠራው፣ አንድም ቀን አልሞላም።

ለምን ብትሉ፣ ሰዉ ሁሉ "ያፈስ ነበር" ይላል፣ ማፍሰሱስ ያፈሳል፣ ጠፍጣፋ ጣራና የስኮትላንድ ዝናብ ምን ሊሆን ነው። ግን እኔ የገደለው ጊዜው ነው ባይ ነኝ። ትዕዛዙ የተሰጠው በ1950ዎቹ ነው፣ ሕንጻው እየተሠራ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (የካቶሊክ ጳጳሳት ትልቅ ስብሰባ) ከ1962 እስከ 1965 ተቀመጠ። በላቲን የነበረው ቅዳሴ ሰዉ በሚናገረው ቋንቋ እንዲሆን ተፈቀደ (ግዕዙ ቀርቶ ባማርኛ ብቻ ይቀደስ ቢባል እኛ ጋ የሚነሳውን ወሬ አስቡት)፣ ቄሱም ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረ፣ ካህን የሚሆን ልጅም ከሰዉ ተለይቶ ጫካ ውስጥ ሳይሆን ከሕዝቡ መሀል ይማር የሚል ሀሳብ መጣ። የሚያመለክተው ልጅ ቁጥርም ወረደ። ስለዚ ሪባን ሲቆረጥ ሕንጻው የተሠራለት ኑሮ ራሱ እየጠፋ ነበር። በ1980 ሴሚናሪው ተዘጋ፣ ትንሽ ጊዜ የሱሰኞች ማገገሚያ ሆነ፣ ከዛ በቃ ዝናብ፣ እሳት፣ ግራፊቲ። በ1992 የመጀመሪያ ደረጃ ቅርስ ተብሎ ሲመዘገብ ጉዳቱ ደርሶ ነበር። አሮጌው ኪልማሁ ሃውስም በ1995 ተቃጥሎ ፈረሰ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የሚያድነው ጠፋ?

ተሞክሯል። በ2016 ኤንቪኤ የሚባል የአርት ድርጅት ማታ በመብራትና በድምፅ አሳምሮ ለሕዝብ ከፍቶት ነበር፣ ትኬቱ አልቆ ነው የታየው። ድርጅቱ ራሱ በ2018 ተዘጋ። በ2020 ሀገረ ስብከቱ ቦታውን ለኪልማሁ ኤዱኬሽን ትረስት አስረከበ።

ጥያቄ፦ ከቤተክርስቲያን ውጭ ምንም የላቸውም?

አላቸው። ከምበርኖልድ ውስጥ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ካምብሪጅ ደግሞ ሮቢንሰን ኮሌጅ፣ ከሚሊዮን በላይ በእጅ የተሠራ ቀይ ጡብ ያለቀበት ግንብ የመሰለ ነገር። የመጨረሻው ትልቁ ሥራቸው እሱ ነው። ኮያ በ1981 ሞተ፣ ቢሮው በ1987 ተዘጋ። ሁለቱ ወደ ማስተማሩ ሄዱ፣ ማክሚላን የማኪንቶሽ ስኩል (የግላስጎው አርት ስኩል የአርክቴክቸር ክፍል) ኃላፊ ነበር፣ ሜትስስታይን ኤድንበራ ፕሮፌሰር ሆነ።

ጥያቄ፦ የፈረሰ አለ?

አለ እንጂ። ድረምቻፕል የሚባል የግላስጎው ሰፈር የነበረው ሴንት ቤነዲክትስ ቤተክርስቲያን በ1991 ፈርሷል። ኢስት ኪልብራይድ ያለው የሴንት ብራይድስ ቤተክርስቲያን ማማም በ1983።

ጥያቄ፦ ለሥራ ግላስጎው ልመጣ ነው፣ አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ፣ የቱን ልይ?

ወንድሜ ካርድሮስን ተወው፣ ባቡሩ ከኩዊን ስትሪት ይወስድሃል ግን ሕንጻው ታጥሯል፣ ኮንክሪቱም አደገኛ ነው። ኢስት ኪልብራይድ ሂድና ሴንት ብራይድስን እይ፣ 1964። ከሩቅ ስታየው ኮረብታ ላይ የተቀመጠ የጡብ ሳጥን ነው፣ መጋዘን ነው ብለህ ልታልፈው ትችላለህ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ዝናብ ነበር፣ ከውጪው ግራጫ ብርሃን ስገባ ምንም አልታየኝም፣ ትንሽ ቆሜ ዓይኔ ሲለምድ ከላይ የሚመጣው ብርሃን ሸካራውን ጡብ እየታከከ ሲወርድ አየሁ፣ መብራት የበራ ነበር የመሰለኝ። አሁንም ደብር ነው፣ ሰው ይጸልይበታል። ስለዚ እሁድ ለቅዳሴ ሰዓት ድረስ፣ ፎቶህን ሰዉ ከወጣ በኋላ ታነሳለህ።