«ሂር» ነው «ሂሪንግ»? ብለሽ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ የስኮላርሺፕ ሞቲቬሽን ሌተርሽ መጨረሻ ላይ «ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» ልበል ወይስ «ሂሪንግ» ላልሽው ሂሪንግ ነው፣ አለቀ። «ከቱ በኋላ ቨርብ ዋን ነው የሚገባው» የሚልሽ አይጠፋም፣ እንዳትሰሚው፣ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። ሁሌ ሰው ከመጠየቅ ግን ራስሽ የምታረጋግጪበትን ልንገርሽ።

1ኛ ዲክሽነሪ። ሎንግማንም ኦክስፎርድ ለርነርስም ኦንላይን በነፃ አሉ፣ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ስትዪ ቀጥሎ «ዱኢንግ ሰምቲንግ» እንደሚመጣ ያሳዩሻል። ቱ እዚህ ጋ ፕሪፖዚሽን ነው፣ ካላመንሽ ከኋላው ስም አስገቢበት፣ «ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ዘ ሚቲንግ» ያስኬዳል፣ «ዋንት ቱ ዘ ሚቲንግ» ግን አያስኬድም፣ ስለዚህ ዋንት ቱ ላይ ነው ቨርብ ዋን የሚገባው።

2ኛ ጎግል ላይ ሀረጉን ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገሽ ፈልጊ፣ ያለዚያ ቃላቱን በየፊናቸው ነው የሚያመጣልሽ። የሪዘልቱን ብዛት ግን አትመኚው፣ ስህተቱንም የሚፅፈው ሰው ብዙ ነው።

3ኛ ኮካ የሚባል የአሜሪካ እንግሊዝኛ ኮርፐስ (ቃል የሚፈለግበት የፅሑፍና የንግግር ክምችት) አለ፣ ከ1990 እስከ 2019 ከተፃፈና ከተነገረ የተሰበሰበ፣ ከ1 ቢሊዮን ቃል በላይ ያለው፣ አካውንት በነፃ ከፍተሽ አካዳሚክ የሚለውን ለብቻው ታያለሽ። እኔ ኮካን ያወቅኩት ተናድጄ ነው። ድሮ የምሰራበት ድርጅት ለለጋሽ የሚላክ ፕሮፖዛል ነበረን፣ ከቨር ሌተሩን እኔ ፃፍኩት፣ ሂሪንግ ብዬ፣ በትክክል። ዳይሬክተሩ ሊፈርሙበት ሲል የክፍላችን ሃላፊ አስመልሶ አይኤንጂዋን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘና «ማነው ለአንቺ ዲግሪ የሰጠሽ?» አለኝ፣ ሰው ሁሉ ባለበት። ዲክሽነሪውን ስልኬ ላይ ከፍቼ ባሳየው «ኢንተርኔት ላይማ ማንም ይፅፋል» ብሎ ዞር ብሎም አላየው። እንደገና ፕሪንት ተደርጎ እስኪሄድ ዳይሬክተሩ ፊልድ ወጡ፣ እስኪመለሱ ዴድላይኑ አለፈ። ስንት ሰው ያደረበት ፕሮፖዛል ነው በሦስት ፊደል የቀረው! አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ማታውኑ ኮካ ላይ ሁለቱንም ፈልጌ፣ ሂሪንግ ምን ያህል እንደሚበልጥ ያለበትን ገፅ ፕሪንት አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ይቅርታ አላለኝም፣ ግን ከዚያ በኋላ እስክለቅ ድረስ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ በሙሉ በእኔ እጅ ነው ያለፈው፣ እሱ ራሱ እንኳን በሰው እየላከ ያሳየኝ ነበር።

ግራመርሊና ቻትጂፒቲ ይረዳሉ፣ ግን ትክክለኛውንም አንዳንዴ ስለሚቀይሩ ዝም ብለሽ አክሰፕት አትበዪ። ለእንግሊዝ ከሆነ የምታመለክቺው ጎግል ኤንግራም ላይ ብሪቲሽ ኢንግሊሽ የሚለውን መርጠሽ ሁለቱን ሀረጎች እስከ «ሂር» እና «ሂሪንግ» ድረስ ብቻ ቆርጠሽ በኮማ ለያይተሽ አስገቢ፣ በመፅሐፍ ላይ የቱ እንደሚበዛ በመስመር ያወጣልሻል።

ደግሞ «አይ አም ሉኪንግ» ለጓደኛ ነገር ይመስላል፣ ለዩኒቨርሲቲ ኮስተር ያለው ይሻላል፣ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» ብለሽ ላኪው።