ሽማግሌ ልላክ ወይስ ደብዳቤ ልጻፍ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ሥራ ስለ መልቀቅ ሆኑ። ምን ነክቷችሁ ነው? እስቲ በየተራ።

ጥያቄ፦ ቡሬ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ባህር ዳር የተሻለ ሥራ አገኘሁ። ባለቤቱ የአባቴ አበልጅ ናቸው፤ ለመንገር አፈርኩ። ሽማግሌ ልላክ?

መልስ፦ ምነው፣ ልጃቸውን አልጠየቅክ! ራስህ ሂድ። ዛሬ ነገ ግን አትበል፤ ከሌላ ሰው አፍ ከሰሙት ቅያሜው ለአባትህም ይተርፋል። ጠዋት ሠራተኛው ሳይገባ አግኝተህ፣ «ጋሼ፣ እጅዎ ላይ ሥራ ለምጃለሁ፤ አሁን ባህር ዳር አግኝቻለሁ» በላቸው። «ብጨምርልህስ?» ማለታቸው አይቀርም። መልሱን ቤትህ ጨርሰህ ውጣ።

በማግሥቱ ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አስገባ፤ አንዱን ገቢ አስደርገህ ያዝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በቃል መንገርህ አይቆጠርልህም።

ርክክቡን አደራ! ካዝናው ሰው ባለበት ይቆጠር። ያልተቆረጠው ደረሰኝ ከስንት እስከ ስንት ቁጥር እንደሆነ ይጻፍ፤ ቁልፉን የተረከበህ ይፈርም። እኔ ድሮ ደብረ ማርቆስ ስሠራ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለጥበቃው ሰጥቼ ወጣሁ። በስድስተኛው ወር «ፕሪንተሩን የት አደረስከው?» ተብሎ ተደወለልኝ። ጥበቃው ለካ እሱም ለቋል።

ጥያቄ፦ አዲሱ ቀጣሪዬ «ሰኞ ግባ» አለኝ። ዝም ብዬ ብጠፋስ? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ እስከ 30 ቀን ደመወዝህ የሚደርስ ካሣ ልትጠየቅ ትችላለህ። የአሁኑ አለቃህ ቀኑን ለማሳጠር ከተስማማ በጽሑፍ ይሁን። ካልሆነ አዲሱን ቀጣሪህን ጊዜ ለምነው። ለነገሩ እሱስ ነገ እንዲህ ብትጠፋበት ደስ ይለዋል?

ጥያቄ፦ ካፌ ከተቀጠርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። አልተመቸኝም።

መልስ፦ ውልሽ ላይ የሙከራ ጊዜ ከተጻፈ (እስከ 60 የሥራ ቀን ነው) ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ትችያለሽ። ብቻ በገበያ ቀን ጥለሻቸው አትውጪ፤ ጓደኞችሽ ናቸው የሚጎዱት።

ጥያቄ፦ ሞጣ የግል ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ለቅቄ ስወጣ የሥራ ልምድ ከለከሉኝ። ያልወጣሁት የዓመት ፈቃድም አለኝ።

መልስ፦ የሥራ ልምድ ውለታ አይደለም። ምን ሥራ፣ ለስንት ጊዜ፣ በስንት ደመወዝ እንደሠራሽ የሚገልጽ ደብዳቤ በነፃ መስጠት ግዴታቸው ነው። ያልወጣሽው ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል፤ ቀሪ ሒሳብሽም በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። በጽሑፍ ጠይቂያቸው። እምቢ ካሉ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያየው መሥሪያ ቤት ሂጂ።

ግን እጅሽ ላይ የቀረ ንብረት ካለ ክፍያውን ለማዘግየት ምክንያት ይሆናቸዋል። የተማሪዎቹን ሮስተር (የውጤት መዝገቡን) አስረክበሻል አይደል? ካላስረከብሽ ነገ ጠዋት እሱን ይዘሽ ሂጂ።