«የተማከለ» ፖሊስና «ያማከለ» ፖሊስ

ጥያቄ፦ «ያልተማከለ ፖሊስ ለዴሞክራሲ ይበጃል» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ኅብረተሰቡን ያማከለ ፖሊስ ያስፈልጋል» ይላል። ታዲያ ፖሊሱ ይማከል ወይስ አይማከል? «ያልተማከለ» ከማለትስ «የተበታተነ» ማለት አይቀልም? «የአገር ጸጥታ»ና «የአገር ደኅንነት»ስ አንድ ናቸው?

መልስ፦ ግራ ቢገባዎት አይፈረድብዎትም። ሁለቱም ቃላት የመጡት «ማእከል» ከሚለው የግእዝ ቃል ነው፤ መሐል ማለት ነው። ጥያቄው መሐል ላይ የተቀመጠው ማን ነው የሚለው ነው። «ኅብረተሰቡን ያማከለ» ሲባል መሐል ላይ ያለው ሕዝቡ ነው። «የተማከለ» ሲባል ግን ሥልጣኑ አንድ ቦታ ተሰብስቧል ማለት ነው። «ን»ን ይፈልጓት። «ያማከለ» ያለ እሷ አይቆምም፣ «የተማከለ» ግን አይፈልጋትም።

ስለዚህ ሁለቱ አይጣሉም። 25 የአካባቢ ፖሊስ ኃይሎች የነበሯት ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2013 አጠቃልላ አንድ አገር አቀፍ ፖሊስ አደረገቻቸው። ፖሊሱ ተማከለ። ሕጉ ግን ለ5,000 ነዋሪ ቢያንስ አንድ የሰፈር ፖሊስ እንዲኖር ያዛል። ይሄ የተማከለም፣ ኅብረተሰቡን ያማከለም ነው።

«የተበታተነ»ን ግን አልቀበልም። የተበታተነ ነገር አንድ የነበረና የፈረሰ ነው፤ ቃሉ ገና ሲሰማ ይወቅሳል። በናዚ ዘመን ፖሊስ አንድ እጅ ውስጥ ገብቶ ያደረሰውን ያየችው ጀርመን ዛሬ ዋናውን የፖሊስ ሥራ ለ16ቱ ክፍለ ግዛቶቿ ሰጥታለች። ይህን «የተበታተነ» ማለት ታስቦበት የተሠራን ቤት ፍርስራሽ ብሎ እንደመጥራት ነው። ቃሉ የሚሆንበት ቦታም አለ። በ1990ዎቹ የቤልጅየም ፖሊሶች በሕፃናት ጠለፋ ምርመራ መረጃ በወጉ ሳይለዋወጡ ቀርተው አገር ተቆጥቶ ነበር። ያንን አሠራር «የተበታተነ» ብንለው ልክ ነን።

ወደ መጨረሻው ልምጣ። «ጸጥታ» ጸጥ ከማለት የመጣ ነው፣ «ደኅንነት» ከመዳን። ሰልፈኛ አደባባይ ወጥቶ ሲጮህ የአካባቢው ጸጥታ ሊደፈርስ ይችላል፤ የአገር ደኅንነት ግን አልተነካም። እኔ እዚህ ላይ ግትር ነኝ። ሁለቱን የሚያቀላቅል ጸሐፊ ሳያስበው ተቃውሞን ሁሉ የአገር አደጋ ያደርገዋል።