ያረጀ ሲስተም ልትቀይሩ ለምትገቡ ልጆች

ይሄን የምጽፈው ለእናንተ አዲስ ለተመረቃችሁ የአይቲና የጤና ኢንፎርማቲክስ ልጆች ነው፣ በተለይ ድሬና ሐረር ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ለምትመደቡት። እኔ እዚሁ ድሬ ዕድሜዬን በጤና መረጃ ስራ ነው የጨረስኩት፣ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ልጆች እየደወሉ "ጋሼ፣ የድሮውን ሲስተም አውጥተን አዲስ ልንተክል ነው፣ ከየት እንጀምር?" ይሉኛል። ከካርድ ክፍል ጀምሩ ነው የምላቸው።

ሰርቨር ክፍሉ ይቆያችሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሂዱና ካርድ ከምታወጣው ልጅ ጎን ቁጭ በሉ። አንዲት እናት ከሽንሌ ልጇን አዝላ ትመጣለች፣ የካርድ ቁጥሩ ጠፍቶባታል፣ የልጁ ስም መሀመድ አህመድ ነው፣ እንግዲህ በዚህ አገር ስንት መሀመድ አህመድ እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ፣ ስሙ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተመዘገበው፣ አንዱ ጋ በአንድ ኤም ሌላው ጋ በሁለት፣ አንዱ በኦ አንዱ በዩ። ልጅቷ ትፈልጋለች ታጣለች፣ ሰልፉ ኮሪደሩን ሞልቶ ሰዉ ይጮህባታል፣ ምን ታድርግ፣ አዲስ ካርድ ታወጣለች። በቃ አንድ ህጻን ሁለት ካርድ ኖረው። ፔኒሲሊን አይስማማውም ተብሎ የተጻፈው በፊተኛው ላይ ነው፣ ሐኪሙ የሚያየው ግን ሁለተኛውን ነው።

ይሄን ዳታ እንዳለ አዲሱ ሲስተም ላይ ብትገለብጡት ችግሩንም አብራችሁ ነው የገለበጣችሁት። ስለዚህ መጀመሪያ ማጽዳት ነው፣ የአያት ስም፣ የእናት ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ እያስተያያችሁ። ሁለት ካርድ የአንድ ሰው ነው ብሎ የሚወስነው ፕሮግራሙ ብቻ እንዳይሆን፣ ሰው ይየው፣ የሁለት ሰው ካርድ በስህተት ከተቀላቀለ መለየቱ ፍዳ ነው። የልደት ዘመኑንም እዩት። በእኛ አቆጣጠር 2012 የተወለደ ልጅ የፈረንጅ ካሌንደር በሚጠብቅ ሳጥን ውስጥ 2012 ተብሎ ከገባ በአንዴ ሰባት ስምንት ዓመት ይጨመርበታል፣ ክትባትና የመድኃኒት መጠን ደግሞ ዕድሜ ታይቶ ነው የሚሰጠው።

እንዲህ ስላችሁ አሮጌው ይቆይ እያልኩ አይደለም። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ላይ የደረሰውን አንብቡ። ግንቦት 2009 ላይ ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ሲገባባቸው በእንግሊዝ ካሉት 236 የሆስፒታልና የጤና ተቋማት ቢያንስ 81ዱን ነው ያወከው፣ ቀጠሮ ተሰረዘ፣ አምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላከ። የሚያናድደው ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ሁለት ወር ቀድሞ ለቆት ነበር፣ ብዙ ቦታ ግን አልተጫነም። እኛ ጋ በየቢሮው ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ሁኔታ ይሄ የሩቅ ወሬ አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም፣ ማለት እንዲህ ያለው ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት፣ ጥቅምት 2018 ላይ አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 7 ማ ከቆመ ቆየ።

ግን ደግሞ ላቦራቶሪ ስትገቡ በአሮጌ ዊንዶውስ ብቻ የሚሰራ ማሽን ታገኛላችሁ። እሱን ዝም ብላችሁ ፎርማት እንዳታደርጉት አደራ፣ የማሽኑ ሶፍትዌር አዲሱ ላይ አልነሳም ካለ ምርመራው ቆመ ማለት ነው። አምራቹ መፍትሄ እስኪሰጥ ከኔትወርክ ነጥላችሁ ለብቻው አስቀምጡት፣ ፍላሽም አይሰካበት።

እንግሊዞቹ ሌላም የሚያስተምር ነገር አላቸው። 2002 እ.ኤ.አ. ላይ አገሩን ሁሉ በአንድ ፕሮግራም እናገናኛለን ብለው ተነሱ፣ ወደ 10 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ሂሳብ ተቆልሎበት 2011 ላይ ፕሮጀክቱን በተኑት። ከተወቀሰበት ነገር አንዱ ከላይ ወርዶ ሐኪምና ነርሱን በደንብ ሳያማክር መሄዱ ነው። አቦ፣ ገንዘብ ሞልቶ እንዲህ ከሆነ እኛ እንዴት አንጠይቅም?

እኛ ጋ ነርሷ መዝገብ ላይ ትጽፋለች፣ ታሊ (የታካሚ መቁጠሪያ ቅጽ) ትሞላለች፣ ከዛ ያንኑ ኮምፒውተር ላይ ድገሚ ትባላለች። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ነው የምትመለሰው። ከዛ "ሰራተኛው ቴክኖሎጂ አይወድም" ይባላል፣ ይሄ ግፍ ነው! አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን የሚሄዱበት ጊዜ ያስፈልጋል፣ ግን ማብቂያው ቀን ከመጀመሪያው ይነገራት፣ ከየትኛው ወረቀት እንደምትገላገልም በግልጽ ይነገራት። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን ዩፒኤስም ሳትረሱ፣ ባትሪው በድሬ ሙቀት ቶሎ ይደክማል፣ የኮምፒውተሩን ፋንም አቧራው ይደፍነዋል፣ በጀት ሲያዝ እነዚህም ይያዙ።

አሮጌውን ከማጥፋታችሁ በፊት ደግሞ ባክአፕ (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) አለ ሲሏችሁ አትመኑ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ጫኑት፣ ካርድ ክፍል ያለችውን ልጅ ጥሩና ቆየት ያሉ ታካሚዎችን ካርድ ቁጥር ትጥራላችሁ፣ እናንተ ፈልጉት፣ የወረቀቱን ፋይል ከመደርደሪያ አውጥታ ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር ታመሳክረው፣ ልክ ነው ስትል ነው ማጥፋት የምትችሉት።