ለተመራጫችሁ ስትጽፉ

ልጆቼ፣

ብዙ ዓመት የሠራሁት በምክር ቤት ጽሕፈት ቤት፣ የሕዝብ ደብዳቤ በሚገባበት ክፍል ነው። «ብንጽፍ ማን ያነብልናል?» ስትሉ እሰማለሁ። ይነበባል። የሚያሳዝነኝ ግን አብዛኛው ደብዳቤ ተመራጩ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ ሳይናገር ማለቁ ነው።

«ጉዳዩ፦ የመልካም አስተዳደር ችግርን ይመለከታል» ብሎ መንገዱንም መብራቱንም ሥራ አጥነቱንም በአምስት ገጽ የሚዘረዝር ጽሑፍ መያዣ የለውም። «ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለው ቦኖ ከጥር ጀምሮ ውሃ አይሰጥም፤ በየካቲት ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት አመልክተን መልስ አላገኘንም፤ ለጥገናው በመጪው ዓመት በጀት ገንዘብ መያዙን ጠይቀው ያሳውቁን» የሚል ግማሽ ገጽ ግን ተመራጩ ስብሰባ ላይ እንዳለ አንሥቶ ሊጠይቅበት ይችላል። የቀድሞውን ማመልከቻ ቅጂ አያይዙ፤ መዝገብ ቤት አስገብታችሁም የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን ያዙ። ደብዳቤው ጠፋ ቢባል መከራከሪያችሁ እሱ ነው።

ግልባጭ ለአሥር መሥሪያ ቤት አትበትኑ። ግልባጭ የደረሰው ሁሉ «ሌላው ይመልሳል» ብሎ ፋይል ውስጥ ያስገባዋል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የቦኖውን ጉዳይ ለወረዳ ምክር ቤት ተመራጫችሁ፣ የአገር አቀፍ ሕግን ጉዳይ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላችሁ ጻፉ። ረቂቅ ሕግ ከሆነ ለቋሚ ኮሚቴ ተመርቶ ገና እየታየ ሳለ ድረሱበት።

ጊዜውን ደግሞ አደራ። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ እቅዱ ካለቀ በኋላ የመጣ ነው፤ ስለዚህ በጋው ሳያልቅ ጻፉ። የተወካዮች ምክር ቤት ጉባኤ የሚቆየው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። አባላቱ በዕረፍታቸው ወደ ምርጫ ክልላቸው ወርደው መራጩን ሲያነጋግሩ ደብዳቤያችሁን ይዛችሁ ተገኙ።

በአክብሮት ጻፉ፤ አትለማመጡ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ተወካዩን ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ተገዥ ያደርገዋል፤ አመኔታ ያጣ አባል በመረጠው ሕዝብ በሕግ መሠረት ሊወገድ እንደሚችልም ይደነግጋል። አንቀጽ 30 ደግሞ አቤቱታ የማቅረብን መብት ለእናንተ ሰጥቷል።

መልሱ ሲመጣ፣ «አይቻልም» የሚል ቢሆን እንኳን፣ አብረዋችሁ ለፈረሙት ሁሉ አንብቡላቸው። ቃል ከተገባላችሁም ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ በሚቀጥለው የመራጮች ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የምታነሡት ጥያቄ እሱ ይሁን።